እናቱ ቡና ሲያፈሉ ከቤት የሚወጣው ልጅ

እስከ ዛሬ ስለ ጆሮ የጻፍኩላችሁ ስለሚመግል ጆሮና ስለ ኩክ ብቻ ነው። ከጥቂት ወራት በፊት ግን አንዲት እናት ልጃቸውን ይዘው እኔ ወደምሠራበት ጉለሌ ወዳለው ክሊኒክ መጡና ሌላ ነገር እንድጽፍ አደረጉኝ። ታሪኩን እንድነግራችሁ ሁለቱም ፈቅደውልኛል፤ ማንነታቸው እንዳይታወቅም አንዳንድ ነገር ቀይሬያለሁ።

የሽሮ ሜዳ ሰው ናቸው። ልጁ 23 ዓመቱ ነው፤ የሀበሻ ልብስ መሸጫ ሱቅ ውስጥ ይሠራል። ገና ወንበር ሳይዙ «የኔ ልጅ፣ ይሄ ልጅ ጠባዩ ተቀየረብኝ» አሉኝ። ረከቦቱን ሲያቀርቡ ተነስቶ ይወጣል። ሲኒ ከሲኒ ሲጋጭ ጆሮውን ይይዛል። አንድ ቀን ጭልፋ ከእጃቸው አምልጦ ድስቱን ሲመታው «አንቺ ሴትዮ ልትገይኝ ነው!» ብሎ ጮኸባቸው። ይህን ሲነግሩኝ ድምፃቸው ተሰበረ፤ ጩኸቱ ሳይሆን «አንቺ ሴትዮ» የሚለው ነው የጎዳቸው። ጫት ጀመረ ብለው ኪሱን ፈትሸዋል። እንጦጦ ኪዳነ ምህረት ጸበል ወስደውታል። ጎረቤት ደግሞ «ሚስት ሲያገባ ይተወዋል» ብሎ አጽናንቷቸዋል።

ልጁ መሬት መሬት ያያል።

ጆሮውን በመሣሪያ አየሁት። ንጹህ ነው። ታምቡሩ ደህና፣ ኩክ የለ፣ መግል የለ። ትኩሳት የለውም፣ ራስ ምታት አልፎ አልፎ። «ጆሮህ ውስጥ የሚጮህ ነገር አለ?» ስለው እናቱን ቀና ብሎ አየና ዝም አለ። እሳቸውን ለትንሽ ደቂቃ ውጭ እንዲጠብቁ ለመንኳቸው። (ወላጆች፣ ሐኪም እንዲህ ሲላችሁ አትቀየሙ። ከሃያ ዓመት ልጅ ግማሹን መልስ የምናገኘው እናንተ ኮሪደር ላይ ስትሆኑ ነው።)

በሩ ሲዘጋ ተናገረ። ከአንድ ዓመት ወዲህ አርብና ቅዳሜ ማታ ከጓደኞቹ ጋር ቦሌ ይወጣል። ለእናቱ «የጓደኛዬ ቤት አድራለሁ» ነው የሚለው። ሲወጣ ጆሮው ይደነዝዛል፣ ጠዋት ሲነሳ «ሲይይይ» የሚል ድምፅ ይሰማዋል። መጀመሪያ እሁድ ከሰዓት ይጠፋ ነበር። ከዚያ እስከ ማክሰኞ መቆየት ጀመረ። አሁን ከሄደ ሁለት ወር ሆኖታል፤ ድምፁ ግን አልሄደም። በዚያ ላይ ድሮ ምንም የማይመስሉት ድምፆች፣ የሲኒው፣ የሚኒባሱ ፍሬን፣ የጎረቤት ሕፃን ለቅሶ፣ እንደ መርፌ ይወጉታል። «ዶክተር፣ የሚገርመው እኮ ሙዚቃ በጣም ነው የምወደው። የምወደው ነገር እንዴት ይጎዳኛል?» አለኝ።

ይህን ጥያቄ ነው ዛሬ ልመልስላችሁ የፈለግሁት፤ ምክንያቱም ከወላጆች የምሰማው ደግሞ ተቃራኒውን ነው። «ዶክተር፣ የነሱ ሙዚቃ እኮ ሙዚቃ አይደለም፣ ጩኸት ነው፤ እሱ ነው ጆሯቸውን የሚያጠፋው» ይሉኛል። ልጁ የምወደው አይጎዳኝም ይላል፣ አባቱ የምጠላው ይጎዳል ይላል። ሁለቱም ተሳስተዋል።

አንድ ድምፅ ለጆሯችን አለመጣሙ ብዙ ጊዜ የልምድ ጉዳይ ነው። በገናን አስቡት። ያ የሚነዝር፣ የሚያንዛዛ ድምፁ የሚመጣው በአውታሩና በመደገፊያው መካከል ከምትገባው ከትንሽ ቁራጭ ቆዳ፣ ከእንዚራው ነው። በገና ሰምቶ ለማያውቅ ሰው የተቀደደ ስፒከር ሊመስለው ይችላል። እኛ ግን በዐቢይ ጾም ያንን ንዝረት ስንሰማ ልባችን ይረጋል። የአንቺ ሆዬ ቅኝትም እንደዚያው ነው፤ በጣም የተቀራረቡ ድምፆች አሉበትና በፒያኖ ያደገ ጆሮ «መሣሪያው አልተቃኘም» ሊላችሁ ይችላል። በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት በቦሊቪያ የአማዞን ደን አካባቢ የሚኖሩትን የጺማኔ ሰዎች ፈትኖ ነበር። ምዕራባውያን «የማይጣጣም» የሚሉትን የድምፅ ጥምረት እነሱ ከሚጣጣመው እኩል ወደውታል። ስለዚህ የልጃችሁ ዘፈን ስለጎረበጣችሁ ብቻ ጎጂ አይሆንም። ጣዕም ነው፤ ተከራከሩበት፣ ግን ወደ እኔ አታምጡት።

አንዳንድ ድምፅ ደግሞ አለ፣ ሁላችንንም የሚያንገፈግፍ። ቢላ ብረት ምጣድ ላይ ሲፋቅ፣ ጥፍር ጥቁር ሰሌዳ ላይ ሲሄድ። በእንግሊዝ የኒውካስል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2012 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት ሰዎችን በርካታ ድምፆች አሰምተው የትኛው ይበልጥ እንደሚያስጠላ ጠየቋቸው፤ አንደኛ የወጣው ጠርሙስ ላይ የሚፋቅ ቢላ ነበር። እንዲህ ያሉት የሚያስጠሉ ድምፆች በአብዛኛው ከ2000 እስከ 5000 ኸርዝ ባለው ክልል ውስጥ ይገኛሉ። ስንሰማቸውም ፍርሃትን የሚቆጣጠረው የአንጎል ክፍል፣ አሚግዳላ፣ ይነሳሳል።

ይህ ክልል ለምን? ጆሯችን ከሁሉም አብልጦ የሚሰማው እሱን ስለሆነ ነው። የጆሮ ቱቦ ራሱ ቅርጹ እንደ ዋሽንት ነውና በ3000 ኸርዝ አካባቢ ያለውን ድምፅ አጉልቶ ወደ ውስጥ ይልከዋል። የሕፃን ለቅሶ፣ የሰው ጩኸት፣ ለንግግር የሚያስፈልጉን ብዙ ተነባቢዎች እዚያ አካባቢ ናቸው። ጆሮም በከፍተኛ ድምፅ ሲጎዳ መጀመሪያ የሚጎዳው ከዚያው ጎረቤት ነው፤ ከ3000 እስከ 6000 ኸርዝ፣ አብዛኛውን ጊዜ 4000 ላይ።

የውስጠኛው ጆሯችን የቀንድ አውጣ ቅርጽ አለው። ውስጡ በያንዳንዱ ጆሮ ወደ 15 ሺህ የሚጠጉ ፀጉር መሰል ሴሎች ተደርድረዋል። ድምፅ ሲመጣ እንደ ስንዴ ማሳ ይወዛወዛሉ፤ ያ መወዛወዝ ነው ወደ ነርቭ መልእክትነት የሚለወጠው። ነፋሱ ሲበረታ ይተኛሉ። ካረፉ ይነሳሉ፤ ጠዋት ጆሯችሁ ደንዝዞ ማታ የሚከፈተው ለዚህ ነው። ደጋግሞ ሲመታቸው ግን ይሞታሉ። የሞተ አይተካም። ዶሮ ይህ ሴል ቢሞትባት መልሳ ታበቅላለች፤ ሰው አያበቅልም። እኔ ይህንን በተማርኩ ቀን በዶሮ ቀንቻለሁ።

እነዚህ ሴሎች የሚወዛወዙበትን ዘፈን አያውቁትም። ዘፈን ይሁን መዝሙር፣ ጥላሁን ይሁን የትናንት ልጅ ራፕ፣ የሠርግ ሆታ ይሁን የብረት መቁረጫ ግራይንደር፣ ለነሱ የሚደርሳቸው ግፊት ነው። የሚያዩት ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ስንት ነው፣ ለምን ያህል ጊዜ ነው።

እስቲ ሂሳቡን አብረን እንሥራው። ድምፅ የሚለካው በዴሲቤል ነው። እኔና እናንተ ስናወራ ወደ 60 ይሆናል። አንድ ሠራተኛ በ85 ዴሲቤል ውስጥ 8 ሰዓት መሥራት ይችላል፤ የብዙ አገሮች የሥራ ቦታ ደንብ የሚነሳው ከዚህ ነው። ዴሲቤል እንደ ኪሎ አይደለም፤ 3 በጨመረ ቁጥር የድምፁ ጉልበት እጥፍ ስለሚሆን የሚፈቀደው ሰዓት በግማሽ ይቀንሳል። 88 ላይ 4 ሰዓት፣ 91 ላይ 2፣ 94 ላይ 1፣ 97 ላይ ግማሽ ሰዓት። 100 ላይ ሲደርስ 15 ደቂቃ ብቻ። ጭፈራ ቤት ውስጥ 100 ዴሲቤል ብርቅ አይደለም፤ ስፒከሩ አጠገብ ከዚያም ያልፋል። ልጃችን ከምሽቱ 5 ሰዓት ገብቶ ሌሊት 10 ሰዓት ይወጣል። አምስት ሰዓት ማለት ሃያ ጊዜ 15 ደቂቃ ነው። አንድ የፋብሪካ ሠራተኛ በሃያ የሥራ ቀን የሚወስደውን ድምፅ እሱ በአንድ ሌሊት ወሰደው። በሳምንት ሁለት ሌሊት፣ ለአንድ ዓመት።

መጠጡም ያግዛል፤ የጠጣ ሰው ጩኸቱን በልኩ አይመዝንም፣ ከስፒከሩም አይሸሽም።

ለልጁ ይህን ሁሉ ስነግረው ስልኩን አውጥቶ ማስላት ጀመረ። እኔም ያኔ ለማንም የማልነግረውን ነገር ነገርኩት። ለእናንተም ልንገራችሁ።

የሕክምና ተማሪ ሳለሁ ፈተና በጨረስን ቁጥር እንወጣ ነበር። እኔ ዳንስ ስለማልችል የምቆመው ግድግዳው ጥግ ነው፤ ስፒከሩም ያለው እዚያው ጥግ፣ ከግራዬ። ታክሲ ውስጥ ስንገባ የሾፌሩ ድምፅ ከውኃ ስር እንደሚመጣ ይሰማኝ ነበር። ጆሮዬ ሲጮህ ያድራል። ለጓደኞቼ «ዛሬ በጣም አሪፍ ነበር፣ ጆሮዬ አሁንም ይጮሃል» እላቸዋለሁ። የጆሮን የውስጥ አካል በላቲን ስሙ አጥንቼ የጨረስኩ ሰው ነበርኩ እንግዲህ። ሁለት ቀን ቆይቶ ሲጠፋ ደህና ሆንኩ ብዬ እረሳዋለሁ።

ደህና አልነበርኩም። በ2009 እ.ኤ.አ. ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በአይጦች ላይ ያሳዩት ነገር አለ፤ ከከፍተኛ ድምፅ በኋላ የአይጦቹ መስማት ወደነበረበት ተመለሰ፣ ሴሎቹን ከነርቭ ጋር የሚያገናኙት መጋጠሚያዎች ግን ብዙዎቹ ጠፍተው ቀሩ። በምርመራ ደህና የሚመስል፣ ውስጡ ግን የሳሳ ጆሮ ማለት ነው። የ«ድኛለሁ» ስሜት ያታልላል።

አንድ ቀን አንዲት የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ራሴን ያመኛል ብላ መጣች። የኮሮና ዘመን ነው፣ ሁላችንም ማስክ አድርገናል። ድምፅዋ ቀጭን ነው። እንቅልፍ እንደማትተኛ ስትነግረኝ «ለምን?» አልኳት። መለሰችልኝ። እኔ የሰማሁት «ሌሊት ሰርቼ» የሚል ነው፤ የቤት ሥራ መሰለኝ። «ጎበዝ! ግን እንቅልፍም ያስፈልጋል» አልኳትና ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፍኩ። ልጅቷ ዝም አለች። አብራን የነበረችው ነርስ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ዶክተር፣ ፈርቼ ነው ያለችሽ» አለችኝ።

ፈርቼ። «ፈ» እና «ሰ»። ሁለቱም ከፍ ባለ ኸርዝ ላይ ያሉ፣ ትንፋሽ ብቻ የሆኑ ድምፆች ናቸው። ጆሮ ሲጎዳ መጀመሪያ የሚምታቱት እነሱ ናቸው፤ ሰው ሲያወራ ይሰማናል፣ ምን እንዳለ ግን አይለይም። ወደኋላ ተመልሼ ጠየቅኋት፣ ለምን እንደምትፈራም ነገረችን፤ የሚገባትን እርዳታ አገኘች። እሱን እዚህ አልዘረዝረውም። ነርሷ ባትኖርስ የሚለው ግን እስከ አሁን ከውስጤ አልወጣም።

በዚያው ሳምንት የመስማት ምርመራ አደረግሁ። በግራ ጆሮዬ 4000 ኸርዝ ላይ መስመሩ ቁልቁል ወርዶ ተመለሰ። በቀኙ ደህና ነኝ። ስፒከሩ በየት በኩል እንደነበረ ነግሬያችኋለሁ። ዛሬ ድምፃቸው ደከም ያለ ታካሚዎችን በቀኝ በኩል ነው የማስቀምጣቸው፤ ክሊኒካችን የምትመጡ ወንበሩ ለምን እዚያ እንደሆነ አሁን አወቃችሁ።

ወደ ልጁ እንመለስ። ለመስማት የደከመ ጆሮ እንዴት ሲኒ ሲጋጭ ይበልጥ ያመዋል? እንቆቅልሽ ይመስላል። ብዙ ተመራማሪዎች የሚሰጡት ማብራሪያ ይህ ነው፤ ከጆሮ የሚመጣው መልእክት ሲቀንስበት አንጎል ራሱ ቮልዩሙን ይጨምራል። ሬዲዮ ጣቢያው ሲደክም ድምፅ እንደምንጨምረው ማለት ነው። ድምፅ ሲጨመር ሽሽታውም አብሮ ይጨምራል፤ ያ ነው ጆሮ ውስጥ የሚጮኸው። ድንገት የሚመጣ ሹል ድምፅ ደግሞ በዚያ በተከፈተ ቮልዩም ላይ ሲያርፍ ያማል። በሕክምና ሃይፐራኩሲስ ይባላል። የጠባይ ብልሽት አይደለም፤ እናትን አለማክበርም አይደለም። እናቱን አስገብቼ ይህንን ስነግራቸው ለረጅም ጊዜ ምንም አላሉም። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞረው «ለምን ያመኛል አላልከኝም?» አሉት። «ሲኒ ያመኛል ብዬ ልንገርሽ?» አላቸው። እውነቱን ነው፤ ማን ይህን ያምናል?

እንዳይምታታባችሁ፣ ድምፅ የሚከብደው ሁሉ ጆሮው ተጎድቷል ማለት አይደለም። ሰው ሲያላምጥ ወይም አፍንጫውን ሲስብ ብቻ ንዴት የሚይዛቸው አሉ፤ እሱ ሚሶፎኒያ የሚባል ሌላ ነገር ነው፣ ከድምፁ ከፍታ ጋር አይያያዝም። ማይግሬን ያለበትም በሕመሙ ሰዓት ድምፅ ይከብደዋል። ትንሽ ልጃችሁ ብሌንደር ሲነሳ ወይም የትምህርት ቤት ደወል ሲደወል ጆሮውን ይዞ የሚያለቅስ ከሆነ፣ በተለይ ንግግሩ ከዘገየ ወይም ሲጠራ የማይዞር ከሆነ፣ «ይተወዋል» ሳትሉ ለሕፃናት ሐኪም አሳዩት። የአንዳንድ ልጆች አንጎል ድምፅን የሚያስተናግደው በሌላ መንገድ ነው።

ልጁን ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ወደ አንገት በላይ ሕክምና ክፍል ላክሁት። እዚሁ ጉለሌ ስለሆነ ለኛ ሰፈር ሰው ቅርብ ነው፤ ወረፋው ግን ትዕግሥት ይፈልጋል። የመስማት ምርመራው የጠበቅሁትን አሳየ፤ በሁለቱም ጆሮ 4000 ላይ መጠነኛ ጉድጓድ፣ ሌላው ደህና።

ስለ ሕክምናው እውነቱን ልንገራችሁ። ለሚጮህ ጆሮ ድምፁን የሚያጠፋ ኪኒን የለም። ነጭ ሽንኩርት በዘይት አሙቆ መጨመር ምንም አያደርግም፤ ታምቡሩ የተበሳ ሰው ላይ ደግሞ ጉዳት ያመጣል። የሚሠራው ነገር ቀርፋፋ ነው። ፍጹም ጸጥታን ማስወገድ፤ ማታ ሲተኙ ለስለስ ያለ ድምፅ፣ የማራገቢያ ወይም የዝናብ ድምፅ ቀረጻ፣ ዝቅ አድርጎ መክፈት። ጭንቀቱን መቀነስ፣ ሲብስም በንግግር የሚሰጥ የሥነ ልቦና ሕክምና ማግኘት። አንድ ትልቅ ስህተት ደግሞ አለ፤ ብዙዎች ድምፅ ሲያማቸው ቀኑን ሙሉ ጆሯቸውን በጥጥ ይደፍናሉ። ይህ ያብሰዋል። አንጎሉ የሚደርሰው ድምፅ ይበልጥ ስለሚያንስ ቮልዩሙን ይበልጥ ይከፍታል። የጆሮ መሰኪያ ለእውነተኛ ጩኸት ብቻ ነው፤ ለቤት ድምፅ አይደለም። ለቤት ድምፅ መድኃኒቱ በትንሽ በትንሹ መለማመድ ነው።

አንድ ነገር ግን አስቸኳይ ነው። ከጭፈራም ይሁን ያለ ምንም ምክንያት፣ አንድ ጆሯችሁ በድንገት አልሰማ ካለ ሳትውሉ ሳታድሩ አንገት በላይ ሐኪም ጋ ሂዱ። ለዚህ የሚሰጥ መድኃኒት አለ፤ የሚሠራው ግን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው። «ኩክ ይሆናል» እያሉ ሳምንት የቆዩ ሰዎች አይቻለሁ።

ሕጉስ ምን ይላል የምትሉኝ አላችሁ። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ድምፅንም ይመለከታል። በአገራችን የድምፅ ደረጃ መሠረት በመኖሪያ ሰፈር ከፍተኛው መጠን ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል ነው። የጭፈራ ቤት ድምፅ እንቅልፍ የከለከላችሁ ለከተማው አካባቢ ጥበቃ ባለስልጣን ማመልከት የምትችሉት በዚህ ነው። ነገር ግን አስተውሉ፤ ይህ ቁጥር የሚጠብቀው ውጭ የተኛውን ጎረቤት ነው። ግድግዳው ድምፅ እንዳያሳልፍ ተደርጎ ከተሠራ ጎረቤት ይተኛል፣ ውስጥ ያለው ልጅ ግን እዚያው 100 ውስጥ ነው። ውስጥ ላለው ሰው የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ. መመዘኛ አውጥቷል። የሙዚቃ ቦታ አማካይ ድምፅ ከ100 ዴሲቤል እንዳይበልጥ፣ ድምፁ እየተለካ ለሠራተኛው እንዲታይ፣ ለደንበኞች የጆሮ መሰኪያ እንዲኖር፣ ጆሮ የሚያርፍበት ጸጥ ያለ ክፍል እንዲዘጋጅ ይመክራል። የጭፈራ ቤት ባለቤት ሆናችሁ ይህን የምታነቡ ካላችሁ መሰኪያውን አስቡበት፤ ከአንድ ቢራ ያነሰ ወጪ ነው። የናንተም አስተናጋጆች ስድስት ሌሊት እዚያው ናቸው፤ ስለነሱ ማንም ሲያወራ ሰምቼ አላውቅም።

ልጆቻችሁን «አትውጡ» በሉ አልላችሁም፤ ብትሉም «ጓደኛዬ ቤት አድራለሁ» ነው የሚሏችሁ። ይልቅ ይህን ንገሯቸው። ከስፒከሩ ራቁ፤ ጥቂት ሜትር ብዙ ለውጥ አለው። በየሰዓቱ አሥር ደቂቃ ውጭ ውጡ። የስፖንጅ የጆሮ መሰኪያ ይዛችሁ ሂዱ፤ አንዳንድ ፋርማሲዎችና የሥራ ደህንነት ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች ጋ ይገኛል። ሲገባ በጣት ተጠቅልሎ፣ ጆሮን በሌላው እጅ ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳብ አድርጎ ነው፤ አለበለዚያ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ይቀራል። ጥጥና ሶፍት የሚከለክሉት በጣም ጥቂት ነው። ሲወጡ ጆሮ ከደነዘዘ ወይም ከጮኸ ለቀጣዮቹ ቀናት ኢርፎንም ይረፍ፤ አርብ ተጎድቶ ቅዳሜ መድገም የከፋው ነው። ሰው ያየኛል ብለው ካፈሩ የኮልድፕሌይ ዘፋኝ ክሪስ ማርቲንም መሰኪያ እንደሚያደርግ ንገሯቸው፤ እሱም በወጣትነቱ ከፍ አድርጎ በሰማው ሙዚቃ የተነሳ ጆሮው ይጮሃል።

እናንተስ ወላጆች? ባለፈው የዘመድ ሠርግ ላይ ነበርኩ። ከስፒከሩ ሁለት ሜትር ርቀት ላይ አንዲት እናት የስድስት ወር ልጅዋን ታቅፋ ትበላለች። ልጁ ተኝቷል። «እንቅልፉ ጥሩ ነው፣ ምንም አይረብሸውም» አለችኝ በኩራት። በስልኬ ለካሁት፣ 98 አለኝ፤ የስልክ ልኬት ግምት ነው፣ ግን ግምቱም ይበቃል። የተኛ ሕፃን ጆሮው አልተኛም። ትልቅ ሰው ሲያመው ይነሳል፣ ሕፃኑ የሚሄድበት የለውም። ጠረጴዛ ቀይሩ፣ ከድንኳኑ ይዛችሁት ውጡ። ዲጄውንም ቀንስ ማለት ነውር አይደለም፤ እኔ ሄጄ አልኩት፣ ለአንድ ዘፈን ቀነሰልኝ።

ልጁ ባለፈው ሳምንት ለክትትል መጥቶ ነበር፤ ከጀመርን ሦስት ወር ሆኖናል። ልምምዱን ያዘዝኩለት በደቂቃ ነበር፤ ነገሩን በቡና የቀየሩት እናቱ ናቸው። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት አቦል እስኪቀዳ ብቻ ይቀመጣል፣ ከዚያ ይወጣል። እሳቸውም ሲኒ ከማንሳታቸው በፊት «ላነሳ ነው» ብለው ይነግሩታል፤ ድንገተኛ ያልሆነ ድምፅ ያን ያህል አያመውምና። የጆሮው ጩኸት አልጠፋም፤ ማታ ማታ አለ፣ ግን እንደ ድሮው አያስፈራውም። አንድ ጊዜ ከጓደኞቹ ጋር ወጥቶ ነበር፣ በመሰኪያ፣ ለአንድ ሰዓት ብቻ። ይህን እናቱ እዚያው ተቀምጠው እየሰሙ ነው የነገረኝ።

«ቡናውስ?» አልኩት።

«ቶና ላይ ደርሻለሁ» አለ። እናቱ ሳቁና «በረካው ገና ነው» አሉኝ። የሚቀጥለው ቀጠሮ ከወር በኋላ ነው።